ምቱ በኋላ ይመጣል

የቤዝቦል መልማዮች ተሰብስበው ወጣት ሲመዝኑ ያየ ሰው፣ የሰው ልጅ ዓይኑን ገልጦ እንዴት እንደሚታለል ለመማር ሌላ ትምህርት ቤት አያስፈልገውም። አሜሪካ ውስጥ በበጋ ቀትር ከሽቦ አጥር ጀርባ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ኮፍያቸውን ግንባራቸው ላይ ደፍተው ሱፍ ይፈለፍላሉ። ሜዳው ላይ የአሥራ ሰባትና የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሶች ኳስ ይመታሉ፣ ይወረውራሉ፣ ይቀልባሉ። መልማዮቹ ያዛጋሉ። በመጨረሻ አንድ ቀጭን ልጅ ወደ መሮጫው መስመር ጠጋ ይልና 60 ያርድ፣ ማለትም 55 ሜትር ያህል፣ ይሮጣል። ያኔ ያንቀላፋው ሁሉ ይነቃል። ሰዓቱ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ አንዱ የሌላውን ሰዓት በጎን አጮልቆ ያያል፤ "አንተ ስንት ያዝክ?" ይባባላሉ። ልጁ ኳስ መምታት ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ ደፋር ከተገኘ መልሱ አፋቸው ላይ ነው፤ "ምቱ በኋላ ይመጣል።"

ሽማግሌዎች "ፍቅሩ በኋላ ይመጣል" እያሉ ስንቱን እንዳጋቡ ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ዘር ይቆጥራሉ፣ መልማዮቹ ሰከንድ ይቆጥራሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮ ግን በሁለቱም ወገን የሚኖረው ሌላ ሰው ነው።

ጨዋታውን ላልለመደ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ዘጠኝ መቺዎች አስቀድሞ በተጻፈ ተራ ይመታሉ፤ ዘጠነኛው ሲጨርስ እንደገና ከአንደኛው ይጀመራል። ወርዋሪው የወረወረውን ኳስ የመታ ሰው ወደ አንደኛው ቤዝ ይሮጣል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዞሮ ወደ ተነሳበት ሲመለስ አንድ ነጥብ ይቆጠርለታል። ከቤዝ ቤዝ 27 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ወርዋሪው አራት ጊዜ ከተፈቀደለት ክልል ውጭ ከወረወረ መቺው ዱላውን ጥሎ በነፃ ወደ አንደኛው ቤዝ ይራመዳል። ቤዝ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ወርዋሪው ለመወርወር ሲሰናዳ ወደሚቀጥለው ቤዝ መፈትለክ ይችላል። ይህ ቤዝ መስረቅ ይባላል፤ ሕጉ ይፈቅደዋል፣ ሕዝቡም ያጨበጭብለታል። የመታው ኳስ ከተቀለበበት ወይም ኳሱ ቤዝ ላይ ከቀደመው ሰውየው ይወጣል፤ አንድ ቡድን በዘጠኙ ዙር 27 ሰው እስኪወጣበት ድረስ ይመታል። ሀብቱ ይኸው 27 ነው፤ ካለቀ አለቀ።

እንግዲህ ሁለተኛውን ቤዝ መስረቅ ይቻላል፣ ሦስተኛውንም ይቻላል። አንደኛውን ግን ማንም አይሰርቀውም፤ ወይ መትተህ ወይ ታግሠህ ትደርስበታለህ። ይህችን እውነት በቤዝቦል መንደር ሕፃን ሳይቀር ያውቃታል። የምትረሳው ሰዓት የያዘ ትልቅ ሰው ዘንድ ነው።

መልማዮች ወጣትን የሚመዝኑት ከ20 እስከ 80 በሚደርስ ነጥብ ነው። 50 ያገኘ እንደ አማካዩ የሜጀር ሊግ፣ ማለትም የዋናው ሊግ፣ ተጫዋች ነው፤ 80 ያገኘ ደግሞ ስሙ በሹክሹክታ ይነሳል። የሚመዘነው አምስት ነገር ነው፤ መምታት፣ የምቱ ጉልበት፣ ሩጫ፣ ኳስ አያያዝ እና የክንድ ጥንካሬ። ከእነዚህ ውስጥ ለክርክር የማይመቸው ሩጫ ነው። በቀኝ የሚመታ ተጫዋች ከመምቻው እስከ አንደኛው ቤዝ ለመድረስ በአማካይ 4.3 ሰከንድ ይፈጅበታል። በ4 ሰከንድ የደረሰ ግን የመልማዩን ልብ ይዞ ሄደ ማለት ነው። ሰዓቱ ተናገረ፣ ጉዳዩ ተዘጋ።

መምታትን ግን ምን ይለኩታል? በሜጀር ሊግ 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚከንፍ ኳስ ከወርዋሪው እጅ ወጥቶ መቺው ዘንድ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ ግማሽ ያነሰ ጊዜ፣ 0.4 ሰከንድ ያህል ነው የሚፈጅበት። በዚያች ቅጽበት ማየት፣ መወሰን፣ መምታት ወይም መተው አለበት። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ደግሞ እንዲህ ያለ ኳስ የሚወረውርበት ጓደኛ የለውም፤ ስለዚህ ችሎታው ገና አልተፈተነም። 4 ሰከንድ የሚለካ ሰዓት በየኪሱ አለ፤ በ0.4 ሰከንድ ውስጥ በልጁ ዓይንና ጭንቅላት መካከል የሚሆነውን የሚለካ ሰዓት ግን ገበያ ላይ አልወጣም። ሰው ታዲያ መለካት የሚችለውን ይለካና የለካውን ይወዳል።

እኛም ከዚህ ፍቅር ነፃ አይደለንም። ዋሽንግተን አካባቢ ልጁን ቤዝቦል የሚያስጫውት የሐበሻ ወላጅ ለአሰልጣኙ መጀመሪያ የሚያበስረው የልጁን ሩጫ ነው። "ከደማችን ነው" ይላል ደረቱን ነፍቶ። የአበበ ቢቂላና የኃይሌ ገብረሥላሴ አገር ሰው ምን ይበል! ኃይሌ በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ እንደነበር፣ ለዚያች ኢምንት ደግሞ 10,000 ሜትሩን በሙሉ ታግሦ እንደሮጠ ግን አያነሳም። ከደም የወረስነው ነገር ካለ ትዕግሥቱ ቢሆን ለቤዝቦል ይበልጥ በጠቀመን።

ፍጥነት ሲወራ ደግሞ ወሬው ከሯጩ ይቀድማል። ጥቁሮች ለብቻቸው በሚጫወቱበት ዘመን ስመ ገናና የነበረው ኩል ፓፓ ቤል፣ የክፍሉን መብራት አጥፍቶ ክፍሉ ሳይጨልም አልጋው ውስጥ ይገባ ነበር እየተባለ ይተረክለታል። ታሪኩን በየሄደበት ያዳረሰው የመኝታ ክፍል ጓደኛው፣ ታላቁ ወርዋሪ ሳቸል ፔጅ ነው። ኋላ ላይ እንደተነገረው ግን ነገሩ በእርግጥ ተፈጽሟል፤ ማብሪያ ማጥፊያው ተበላሽቶ ኖሮ መብራቱ የሚጠፋው ዘግይቶ ነበር። ቤል ያለ አምፖሉም ቢሆን ታላቅ ተጫዋች ነበር፣ በ1974 የዝነኞች አዳራሽ ገብቷል። ለመልማይ የሚሆነው ትምህርት ሌላ ነው፤ ስለ አንድ ልጅ ፍጥነት ተአምር ሲነግሩህ መጀመሪያ ማብሪያ ማጥፊያውን ፈትሽ።

የፍጥነት ፍቅር ጥጉ የታየው በዚያው በ1974 ኦክላንድ ውስጥ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የኦክላንድ ኤስ ባለቤት ቻርሊ ፊንሊ "ለመሮጥ ብቻ" ብሎ አንድ ሰው ቀጠረ። ሰውየው ኸርብ ዋሽንግተን ይባላል፤ በቤት ውስጥ የ50 እና የ60 ያርድ ሩጫ የዓለም ክብረ ወሰን የጨበጠ፣ ፕሮፌሽናል ቤዝቦል ግን ተጫውቶ የማያውቅ። ስርቆቱን እንዲያስተምረው ሞሪ ዊልስን አመጡለት፤ ዊልስ በ1962 በአንድ የውድድር ዘመን 104 ቤዝ የሰረቀ ሊቅ ነው። ዋሽንግተን በ105 ጨዋታዎች ገባ። አንድም ጊዜ ዱላ ይዞ አልቆመም፣ አንድም ጊዜ ጓንት አጥልቆ ሜዳ አልጠበቀም። በ1975 የወጣው የተጫዋች ካርዱ ሳይቀር ሥራውን ተተኪ ሯጭ ብሎ ነው የጻፈው። 48 ጊዜ ለመስረቅ ሞክሮ 31 ጊዜ ተሳካለት፤ 17 ጊዜ እጅ ከፍንጅ ተያዘ።

የከፋው ቀን ኦክቶበር 13 ቀን 1974 መጣ። በዎርልድ ሲሪስ፣ ማለትም በዋንጫው ፍጻሜ፣ ሁለተኛ ጨዋታ፣ በመጨረሻው ዙር፣ ኦክላንድ ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ በአንድ ነጥብ ብቻ ወደ ኋላ ቀርቶ ሳለ፣ የዓለም ፈጣኑ ሰው አንደኛው ቤዝ ላይ ተተክቶ ገባ። ወርዋሪው ማይክ ማርሻል ረጋ ብሎ ተመለከተው፣ ድንገት ዞሮ ኳሷን ወደ አንደኛው ቤዝ ወረወረ፤ ዋሽንግተን ከቤዙ ራቅ ብሎ እንደቆመ ተያዘ። ገና አንድ እርምጃ ሳይሮጥ ሥራው አለቀ። አባቶቻችን ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ያሉት ቤዝቦል አይተው ባይሆንም፣ ፊንሊን የሚያክል ባለጠጋ ያልገባውን ነገር ቀድመው ጨርሰውታል። ኦክላንድ ዋንጫውን በላ፤ የበላው ግን በሚመቱትና በሚወረውሩት ነው።

ያ ኦክቶበር 13 ለፈጣኖች ገደቢስ ቀን ሳይሆን አይቀርም። በ1985 በዚያው ዕለት የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ተጫዋች ቪንስ ኮልማን ከጨዋታ በፊት ሜዳ ላይ ቆሞ ነበር። ኮልማን በዚያ በመጀመሪያ ዓመቱ 110 ቤዝ ሰርቋል፤ የሊጉ ካቸር (ከመቺው ጀርባ ኳስ የሚቀልበው) ሁሉ በሕልሙ የሚባንንበት ሰው ነው። ዝናብ ያካፍል ጀመርና ሜዳውን የሚሸፍነው ሸራ በሞተር እየተንከባለለ ወጣ። ቀስ ብሎ መጥቶ የኮልማንን እግር ይዞ ተኛበት። ከሊጉ ሁሉ ያመለጠ እግር ከሸራ አላመለጠም! ኮልማን የቀረው ውድድር ሁሉ አመለጠው፤ ካርዲናልስም ዎርልድ ሲሪሱን በሰባተኛው ጨዋታ ለካንሳስ ሲቲ አስረከቡ።

ስለዚያ ቡድን የሚወራው 314 ቤዝ መስረቁ ነው። በ1985 ካርዲናልስን ያዩ ሁሉ "ለካ በእግር ዋንጫ አፋፍ ይደረሳል" ብለው ፈጣን ልጅ ፍለጋ ተሯሯጡ። ዊሊ ማክጊ በዚያ ዓመት በ.353 አማካይ (ከ1,000 ጊዜ 353 እንደማለት) መትቶ የሊጉ የምት ንጉሥ እንደነበር፣ ቶሚ ኸር ከስምንት የማይበልጥ ሆም ረን (ከአጥር ውጭ የሚያርፍ ምት) መትቶ 110 ነጥብ ያስገባው ከፊቱ ያሉት ሁልጊዜ ቤዝ ላይ ስለቆዩለት እንደሆነ ማን ይንገራቸው? ሰው ከባለጸጋ ቤት ደርሶ ሲመለስ የሚያወራው ስለ መኪናው ነው፤ ሰውየው ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው አይጠይቅም።

ከዚያ ወዲህ ትልቁን ተስፋ የተሸከመው ቢሊ ሃሚልተን ነው። በ2012 ከሜጀር ሊግ በታች ባለው በማይነር ሊግ 155 ቤዝ ሰርቆ ኮልማን በ1983 ያስመዘገበውን 145 ሰበረ። ሲንሲናቲ ሬድስ ውስጥ ሰው እንቅልፍ አጣ። ሃሚልተን ያሳፈረው ነገር የለም፤ ከ2014 እስከ 2017 በየዓመቱ 56፣ 57፣ 58፣ 59 እያለ እንደ ደመወዝ ጭማሪ ሰረቀ። መካከለኛው ሜዳ ላይም ኳስ አያመልጠውም ነበር። ምቱ ግን በኋላም አልመጣም። ሲጠብቁት፣ ሲጠብቁት፣ ቀረ።

የሚገርመው የጠበቁበት ቦታ ነው። የመቺዎች ተራ የራሱ ወግ አለው። አንደኛ ፈጣኑና ትንሹ፤ ሁለተኛ ራሱን መሥዋዕት አድርጎ ፈጣኑን የሚያሻግር ታዛዥ፤ ሦስተኛ ጎበዙ መቺ፤ አራተኛ ጉልበተኛው። ይህ ሥርዓት ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ የኖረ ስለሆነ ለምን ብሎ የጠየቀ እንደ ባለጌ ይታያል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቡና ቤት ተቀምጠው ጨዋታ ሲያዩ የሰማኋቸው አንድ የታክሲ ሹፌር ወግ ጠባቂ ናቸው። አጠገባቸው ያለው ወጣት፣

"ጋሼ፣ እርስዎ አሰልጣኝ ቢሆኑ ማንን ያስቀድማሉ?" ይላቸዋል።

"ፈጣኑን ነዋ! ፊት የሚሄድ ሰው እግር ያስፈልገዋል።"

"አንደኛው ቤዝ ላይ ካልደረሰስ?"

"ካልደረሰማ ቶሎ ተመልሶ ይቀመጣል። እሱም ፍጥነት ነው ልጄ!"

የሚከፈላቸው አሰልጣኞች ከጋሼ የተሻለ መልስ ነበራቸው ለማለት ይከብዳል። ሒሳቡ ቀላል ነው። የውድድር ዘመኑ 162 ጨዋታ ነው። በተራው አንድ ቦታ ዝቅ ባልክ ቁጥር በዓመት 18 ያህል የመምታት ዕድል ታጣለህ፤ በአንደኛውና በዘጠነኛው መካከል ያለው ልዩነት ከ140 ይበልጣል። አንደኛ ማስቀመጥ ማለት ብዙ ዕድል መስጠት ማለት ነው። በ2017 ሲንሲናቲ ይህን ዕድል አብዛኛውን ጊዜ የሰጠው ከ100 ጊዜ 30 ጊዜ ብቻ ቤዝ ለሚደርሰው ለሃሚልተን ነው። በዚያው ቡድን ሦስተኛ ላይ ጆይ ቮቶ አለ፤ ከ100 ጊዜ 45 ጊዜ ቤዝ የሚደርስ፣ ክፉ ኳስ ሲመጣለት ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ እንደ መነኩሴ የሚጠብቅ። ቮቶ ቀና ብሎ ሲያይ ከፊቱ ያሉት ቤዞች ባዶ ናቸው፤ ፈጣኑ ሰውዬ ተቀምጦ ውኃ ይጠጣል። ሲንሲናቲ በዚያ ዓመት 94 ጊዜ ተሸነፈ። ይህን ሁሉ በሃሚልተን እግር ማሳበብ ግፍ ነው፤ ወርዋሪዎቹም በሽንፈቱ የራሳቸውን ድርሻ ሳይቆጥቡ አዋጥተዋል።

በ2023 ደግሞ ፊላዴልፊያ የወጉን ተቃራኒ አደረገና አገር ጉድ አለ። ካይል ሽዋርበርን አንደኛ አስቀመጡት። ሽዋርበር ጡንቻው የዳበረ፣ ሲሮጥ የሚያሳሳ ሰው ነው፤ የምት አማካዩም .197 ነበር፤ ያ ቁጥር በድሮ ጊዜ ሰውን ወደ ቤቱ ያስሸኛል። ግን 126 ጊዜ በነፃ ወደ አንደኛው ቤዝ ተራመደ፣ 47 ሆም ረንም መታ። ሆም ረን የመታ ሰው ደግሞ አራቱን ቤዝ ሶምሶማ እያለ ይዞራል፤ ሰዓት የሚይዝበትም የለም። በሚቀጥለው ዓመት በጨዋታ መክፈቻ የመጀመሪያ መቺ ሆኖ 15 ሆም ረን በመምታት ክብረ ወሰን ሰበረ። ወግ ጠባቂዎቹ አሁንም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ "ፊት የሚሄድ ሰው እግር ያስፈልገዋል።"

ስርቆቱም ቢሆን እንደሚጨበጨብለት ያህል አያተርፍም። ማንም ሳይወጣ አንደኛው ቤዝ ላይ ሰው ያለው ቡድን በዚያ ዙር ወደ 0.85 ነጥብ ገደማ ይጠብቃል። ሰውየው ሁለተኛውን ከሰረቀ ተስፋው ወደ 1.1 ያድጋል። ከተያዘ ግን ቤዙ ባዶ፣ ከ27ቱም አንዱ ጠፍቶ፣ ተስፋው 0.25 አካባቢ ይወርዳል። ሩብ ለማትረፍ ከግማሽ በላይ ማስያዝ ማለት ነው። ስለዚህ ከ10 ጊዜ 7 ጊዜ እንኳ ያልተሳካለት ሌባ ከነጭብጨባው ቡድኑን እየዘረፈ ነው። ሪኪ ሄንደርሰን በ1982 በአንድ ዓመት 130 ቤዝ ሰርቆ ዓለምን ሲያስደምም 42 ጊዜ ተይዟል። ያ ሁሉ አቧራ ተነስቶ ኪሳራውን ከማካካስ አልፎ የተረፈው ጥቂት ነው። ኸርብ ዋሽንግተንማ ከ48ቱ 17 ጊዜ ተይዞ ጭራሹን ባለዕዳ ነበር።

የመቺዎችን ተራ በሒሳብ እናስተካክል የሚሉት ባለሒሳቦችም ግን ከትዝብት አያመልጡም። ቶም ታንጎ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር "ዘ ቡክ" በተባለ መጽሐፍ በ2000ዎቹ አጋማሽ ሥራውን ጨርሶላቸዋል፤ ምርጥ መቺዎችህን አንደኛ፣ ሁለተኛና አራተኛ አድርግ ይላል። ችግሩ፣ እነዚያኑ ዘጠኝ ሰዎች በተለመደው ተራ ፋንታ በትክክለኛው ተራ ብትደረድራቸው በዓመት የምታገኘው ትርፍ ከ10 ነጥብ ብዙ አይርቅም፤ 10 ነጥብ ደግሞ በልማድ ስሌት አንድ ድል ነው። ከ162 ጨዋታ አንድ! ለዚህች አንዲት ድል ሲባል ስንቱ ባለሒሳብ ከባለወግ ጋር ተኮራረፈ፣ ስንቱ ልጅ አባቱን በዴሲማል ተሳደበ። ትልቁ ነገር ከዘጠኙ ውስጥ ማን ይግባ የሚለው ሆኖ ሳለ፣ ክርክሩ ሁሉ ማን ከማን ይቅደም ላይ ነው። የቀብር ሥነ ሥርዓትም ላይ እንኳ እንዲህ ያለ የሰልፍ ጭቅጭቅ አይገጥምም።

አሜሪካኖች ደግሞ ሰው ካልተስተካከለ ሕጉን ማስተካከል ይችሉበታል። በ2019 አትላንቲክ ሊግ የተባለው ራሱን የቻለ ሊግ አንደኛውንም ቤዝ መስረቅ እንዲቻል ሞከረ፤ ካቸሩ ኳሱን ካልያዘው መቺው ዱላውን ጥሎ መሮጥ ይችላል። የስንት ዘመን ምኞት ተፈጸመ። ሕዝቡ ግን አልወደደውም፤ የሰው ልጅ የተመኘውን ሲያገኝ ፊቱን ማጥቆሩ የተለመደ ነው።

በ2023 ሜጀር ሊጉም የራሱን አደረገ። ቤዙን ከ38 ወደ 46 ሳንቲ ሜትር አሰፋው፤ ወርዋሪው ሯጩን ለመጠበቅ የሚያደርገውን መዘግየትና ወደ ቤዝ መወርወር ገደበ። በ2022 በጠቅላላው 2,486 የነበረው ስርቆት ወደ 3,503 ዘለለ። ከ10 ሙከራ 8 ያህሉ የሚሳካ ሆነ። መልማዮቹ ሰዓታቸውን ወለወሉ፤ "አላልንም? የእግር ዘመን ተመለሰ!" አሉ።

ዘመኑ የማንን እግር እንደጠቀመ ግን ልብ በሉ። በ2025 ጆሽ ኔይለር የተባለ የአንደኛ ቤዝ ጠባቂ 30 ቤዝ ሰረቀ፤ የተያዘው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ኔይለር ፈጣን አይደለም። የሜጀር ሊጉ ካሜራ አማካይ ሯጭን በሰከንድ 27 ጫማ፣ ልዩውን 30 ጫማ እያለ ሲመዘግብ፣ እሱን ከሊጉ ዘገምተኞች መደዳ ነው የሚያሰልፈው። የወርዋሪውን ትከሻ፣ ተረከዝና ልማድ አጥንቶ፣ ሰዓቱን ጠብቆ ነው የሚነሳው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብቻ ሳይሆን ሁለተኛ ቤዝም ይሰርቃል። ስንት ባለ 80 ነጥብ ሯጭ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ በማይነር ሊግ እየዞረ ምቱ እስኪመጣ ሲጠብቅ፣ ሰውየው በዓይኑ ብቻ ሌባ ወጣው።

ፍጥነት ጥቅም የለውም ብሎ መፍረድም ሌላ ሞኝነት ነው። በ2004 የቦስተን ሬድ ሶክስ በኒውዮርክ ያንኪስ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 0 እየተመሩ፣ በአራተኛው ጨዋታ የመጨረሻ ዙር ዴቭ ሮበርትስ ሁለተኛውን ቤዝ ሰርቆ የቡድኑን ነፍስ መለሰ። ቦስተን ከ1918 ወዲህ ያጣውን ዋንጫ ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ሮበርትስን ማንም አይረሳውም፤ በዚያ ዓመት ከ41 ሙከራ 38 ጊዜ የተሳካለት፣ መቼ እንደሚነሳ የሚያውቅ ሰው ነው። ግን ሮበርትስ የተተካው ለማን ነበር? ለኬቨን ሚላር ነዋ! ዝግ ያለ እግር ያለው ሚላር፣ ማሪያኖ ሪቬራን በሚያክል ወርዋሪ ፊት ክፉውን ኳስ እየተወ በነፃ ወደ አንደኛው ቤዝ ተራመደ። ታጋሹ በሩን ከፈተ፣ ፈጣኑ ገባበት። ሐውልት የሚሠራ ካለ የሚላርንም ትዕግሥት አብሮ ይቅረጽ።

የሄንደርሰንም ነገር ያው ነው። 1,406 ቤዝ ስለሰረቀ የሁሉ ጊዜ ምርጥ የመጀመሪያ መቺ ተባለ። ግን 2,190 ጊዜ በነፃ ተራምዷል፣ 297 ሆም ረን መትቷል፣ ከ100 ጊዜ 40 ጊዜ ቤዝ ደርሷል፤ 2,295 ነጥብ አስገብቶ ማንም አልደረሰበትም። ጎንበስ ብሎ ቆሞ ወርዋሪው የሚያነጣጥርበትን ክልል እያጠበበ ያስጨንቅ ነበር። መልማዮች ለአርባ ዓመት "ሁለተኛው ሪኪ" እያሉ የፈለጉት እግሩን ብቻ ነው፤ ዓይኑን የፈለገ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ቡድን የምታዋቅር፣ ወይም ቡና ይዘህ የሌላውን ቡድን የምታዋቅር ሰው፣ አንድ ምክር ልስጥህ። አዲስ ልጅ ሲያመጡልህ ሩጫውን ከማየትህ በፊት መጥፎ ኳስ ሲወረወርለት ምን እንደሚያደርግ እይ። ዱላውን አቅፎ ከቆመ ያዘው፤ እግሩ ዘገምተኛ ቢሆንም ቤዝ ላይ ታገኘዋለህ። ፈጣን ሆኖ ቤዝ የማይደርሰውን መካከለኛው ሜዳ ላይ አሰልፈው፣ በተራው ዘጠነኛ አድርገው፣ በጭንቅ ሰዓትም እንዲሮጥልህ አስቀምጠው፤ በዚያ ቦታ ዋጋው ትልቅ ነው። ሁለቱንም የያዘ ከተገኘ ፊት አድርገውና ሌላ ነገር አታስብ። እሱ እስኪገኝ ግን ከ27ቱ አንዱን እንኳ በከንቱ የማያባክን ሰው ይቅደም፤ ሰዓቱንም ለእንቁላል መቀቀያ ተጠቀምበት።